ጆንያ የማይጫንበት ብረት

ፊት ለፊት ስንገናኝ የባሌን ታላቅ ወንድም አንቱ ነው የምለው። ሲመጣ ከወንበሬ እነሣለሁ፣ ሲያወራ አላቋርጠውም፣ ስጠራውም «ጋሼ» ብዬ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ትንሽ በቀል ናት፤ ትልቁን ቀጥዬ እናገራለሁ።

እኔ ወልቂጤ ከተማ የማስተምር ሴት ነኝ። ባሌም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያለን ንብረት ቢቆጠር አንድ ያረጀ ስቴሽን መኪና ነው፤ በመስቀል ሰሞን ግን የመኪናው ጌታ ዋርሳዬ፣ ይኸው የባሌ ወንድም ነበር። እሱም እዚያው ወልቂጤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፣ የራሱ መኪናም አለው። መስቀል ሲደርስ ግን የሱ መኪና «ሞተሯ ይሞቃል» ትባልና ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ሁላችንም ከጉንችሬ ወጣ ብሎ ወዳለው የአማቼ መንደር በኛ እንሄዳለን። ከፊት እሱ ይቀመጣል፣ እኔና ልጄ ከኋላ። የሚነዳው ባሌ ነው፤ ሴት ስትነዳ ሰውየውን ያቅለሸልሸዋል። ስንመለስ ደግሞ ጣሪያው የሱ ነው። ቆጮ በጆንያ፣ ድንች በጆንያ፣ አንዳንዴም እግሩ የታሰረ በግ። የኛስ ሞተር ይሞቅ ይሆን ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የካቻምናውን ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቡታጅራ ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቡታጅራ ሜዳ ስለሆነች እኔም ያደግሁት ፔዳል ላይ ነው ማለት እችላለሁ። አባቴ ከመሞቱ በፊት መጨረሻ ላይ የገጣጠማት ብስክሌት የልጄን ነበር። ፍሬሟን ካንዱ፣ ቸርኬዎቿን ከሌላው፣ ካቴናዋን ከሳጥኑ ሥር አውጥቶ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባት። ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ለመስቀል ጣሪያ ላይ አስረን ይዘንላት ሄድን። የአማቼ መንደር እንደ ሌሎቹ የጉራጌ መንደሮች ጀፎሮ አለው፤ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፣ ማንም አጥር አያስገባበትም። ልጄ በዓሉን በሙሉ እዚያ ላይ ስትጋልብ ከረመች። ለምሳ እንኳ የምትመጣው ተጠርታ ተጠርታ ነበር።

የመመለሻችን ቀን ዋርሳዬ ሦስት ጆንያ አስወጣ። ጣሪያውን አየ፣ ብስክሌቷን አየ፣ ገመዱን በገዛ እጁ ፈታና አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፋት። «ይቺ በሚመጣው መኪና ትመጣለች» አለ። ባሌ ጆንያውን ከሥር እየገፋ ያግዘው ነበር። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ የምታየው ግን አጎቷን ሳይሆን እኔን ነው። የሆነ ነገር እስክል ጠበቀች። እኔም «ግቢ፣ ልንሄድ ነው» አልኳት።

በሚመጣው መኪና አልመጣችም፣ ከዚያም በኋላ በመጣው አልመጣችም። ሦስት ሳምንት ቆይተን ስንጠይቅ ጉንችሬ ላለ ደንበኛው ልጅ ሰጥቷታል። የሰው ንብረት አንሥቶ ቸርነት ሠርቶበታል። ባሌ ፈራ ተባ እያለ ሲያነሣበት ሳቀና «ለሴት ልጅ ብስክሌት ምን ያደርግላታል?» አለው። አንዴ የተሰጠን ነገር ከልጅ እጅ መንጠቅ ደግሞ ነውር ነው፣ እኔም አላደርገውም። ልጄ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ ሲያወርዳት አይተሽ ነበር?» «አዎ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ የብስክሌቷን ነገር አላነሣችም። ብታለቅስ፣ ብትቆጣ፣ በር ብትዘጋብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ እናቷን የምታስታውሰው በር ይዛ ዝም ያለች ሴት አድርጋ እንዳይሆን ፈራሁ፤ ፍርሃቱም ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ልበቀል አሰብኩ።

ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት ትሰድበው ነበር። እኔ ብስክሌት መጫኛ መምረጥ ጀመርኩ።

ለዚህ ጉዳይ ከፈተና እርማት የበለጠ ጊዜ ሰጠሁት። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ የየአገሩን መኪና ጀርባ ሳይ አመሻለሁ። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ጣሪያ ላይ የሚገጠም ነው፣ ብስክሌቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄዳል። በጣም ያምራል፣ ግን ጣሪያ ላይ ብረት ካለ ጆንያ ይቀመጥበታል፤ በኛ አገር ጣሪያው ላይ ባዶ ፖርቶመጋላ ይዞ ከመንደር የወጣ መኪና አላየሁም። ሁለተኛው በቀበቶ ከኋላ በር ላይ የሚንጠለጠል ነው። ይኼን አዲስ አበባ መለዋወጫ ተራ ሄጄ በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። ሻጩ «በሁለት ደቂቃ ይፈታል» ብሎ አሞገሰልኝ፤ እኔም ወዲያው ተውኩት። በሁለት ደቂቃ የሚፈታን ነገር ዋርሳዬ በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል። ሦስተኛው ከመኪናው ሻንሲ ጋር በቡሎን የሚታሰር ነው። ከፓራውልቱ ሥር ይወጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከላይ ሁለት ክንድ አለው፣ ብስክሌቶቹ እነሱ ላይ ይሰቀላሉ። ከሥዕሉ ሥር አንድ ማሳሰቢያ ተጽፎ ነበር፤ ብስክሌት ሲጫንበት የኋላው በር አይከፈትም ይላል። ጸሐፊው ይህን እንደ ጉድለት ነው ያሰፈረው። እኔ ሳነበው ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

ወልቂጤ ማሠራት አልቻልኩም። የከተማው በያጅ ሁሉ ኤሌክትሮድና ቀለም የሚገዛው ከዋርሳዬ ሱቅ ነው፣ በማግሥቱ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የአባቴን መቃብር ልይ ብዬ መኪናውን ይዤ ቡታጅራ ወረድኩ። መቃብሩንም አይቻለሁ፣ አልዋሸሁም። ከዚያ ግን ቀጥታ የሄድኩት አባቴን ወደሚያውቁት በያጅ ዘንድ ነው፤ ሥራቸው የታወቀ፣ እርጋታቸውም የታወቀ ሽማግሌ ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ የኛ ልጅ» አሉኝ። የስልኬን ሥዕል አሳየኋቸው። መኪናውን ዞረው አዩ፣ ከሥሩ ገብተው ለኩ።

«ከላዩ ጠፍጣፋ አድርጌ ልሥራልሽ፣ ዕቃ ይይዝልሻል።»

«አልፈልግም ጋሼ።»

«ትንሽ?»

«ትንሽም።»

«ብስክሌቱ ሲሰቀል የኋላው በር እኮ አይከፈትም።»

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።»

የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ባልሽ የእነሞር ጉራጌ አይደለም እንዴ? ለመስቀል ስትሄዱ ቆጮው በምን ሊመጣ ነው?»

«አይመጣም» አልኳቸው።

በሳምንቱ ስመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀኝ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዳያስቆመን ታርጋው ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ ተሠርቶለታል፣ ክንዶቹ ላይ ለጓጉንቸር ቁልፍ የሚሆን ቀለበት ተበይዷል። ከክንዶቹ በላይ ግን ከቀጭን ቱቦላሬ የተሠራ፣ እንደ አልጋ የተዘረጋ ፍርግርግ ነበር። ሁለት ጆንያ ተመቻችቶ ይተኛበታል።

«ይቺ ምርቃት ናት» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ለአባትሽ ስል ነው። እምቢ ያልሽው ዋጋው እንዳይጨምር አፍረሽ መስሎኝ ነበር። መስቀል ሄዶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ለባልሽም ውርደት ነው።»

ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ነገር ያን ቀን፣ ከብረት ቁርጥራጭ መካከል ቆሜ፣ ለእኚህ ሰው ዘርዝሬ ነገርኳቸው። አረንጓዴውን ብስክሌት፣ አጥሩን፣ ጉንችሬን፣ ሳቁን። ስጨርስ መነጽራቸውን አወረዱና ፍርግርጉን በግራይንደር ቆረጡት። ብልጭታው እስኪያልቅ በደስታ ቆሜ አየሁ።

«መንገር እኮ ከዚህ ይቀል ነበር» አሉኝ ስሰናበታቸው። አባቴም እንዲህ ዓይነት ነገር ይናገር ነበርና ተናደድኩ። አዲሱን ብረት ካሰሩልኝ በኋላ የቀድሞውን ፖርቶመጋላ ፈትተው እንዲያስቀሩት ለምኜ፣ ጣሪያው ራሰ በራ በሆነ መኪና ወልቂጤ ገባሁ።

ባሌ ግቢ ቆሞ ጣሪያውን አየ። «ፖርቶመጋላው የት ሄደ?»

«ዝጎ ነበር።»

«ዝጎ?»

«አዎ፣ ዝጎ።»

ባሌ ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ ባልዲ አምጥቶ መኪናውን ማጠብ ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ለልጄ አሮጌም ቢሆን ሌላ ብስክሌት ገዝተንላት ነበር፤ ብስክሌቷ አንዱን ክንድ ትይዛለች። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ሰውየው ጆንያ አንጠልጥሎ ይሄድበታል። ስለዚህ ለራሴም ብስክሌት ገዛሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለምን እንደገዛሁ የጠየቀኝን ሁሉ ሐኪም አዞኝ ነው አልኩ። እውነቱ ግን ክንዱ ባዶ እንዳይሆን ነው። በቀል እንዲህ የሰው ልብ ሲያሞቅ አላውቅም ነበር፤ ያን ክረምት እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

የአምናው መስቀል ደረሰና ተነሣን። ዋርሳዬ ከፊት ተቀመጠ። ብስክሌቶቹን አይቶ «ጥሩ ነው» አለ። ሲሄድ ባዶ እጁን ስለሚሄድ ምንም አልጠረጠረም። እምድብርን ስናልፍ ከኋላ ወንበር ማጅራቱን እያየሁ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

በአማቼ ቤት ሥጋ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሥርዓት አለ። አማቼ ትልቁን ትንሹን ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ለትልልቆቹ በየተራ «ቂም የያዝክ አለህ? ቂም የያዝሽ አለሽ?» ይላሉ። ያለው ይናገራል፣ በዳዩ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተበዳዩም እዚያው ይቅር ይላል። ይቅር አልልም ማለት የለም። ቂም ይዞ የመስቀልን ሥጋ መብላት በዚያ አገር ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ይህን አስቤበት ነው የሄድኩት። አለኝ ብል ሰውየው ሁለት ቃል ተናግሮ ነጻ ይወጣል፤ እኔም ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ብስክሌቶቹን በገዛ እጄ አውርጄ ጆንያውን አስጭናለሁ። ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ብረት ከንቱ ሊቀር ነው። ተራዬ ሲደርስ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺስ ልጄ?»

«የለኝም አባባ» አልኩ። ልጄ ከሌሎች ልጆች ጋር በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር።

ቀጥሎ የዋርሳዬ ተራ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳን አንድ ነገር ልናገር ነበር» አለ። «በብስክሌቷ ነገር የወንድሜ ሚስት እንዳዘነችብኝ ገብቶኝ፣ ዛሬ በአባቴ ፊት ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነው የመጣሁት። የለኝም ካለች እንግዲህ ምን እላለሁ? ተመስገን ነው።»

ሁሉም ተመስገን አለ። ሽማግሌው መረቁ፣ አሜን ተባለ፣ ቢላ ወጣ። ከሰውየው የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያንኑ ቃል ነበር፤ አፉ ላይ ደርሶ ሳለ በገዛ ምላሴ መለስኩት። ክትፎው ሲመጣ አልጣፈጠኝም። ተጸጽቼ ግን እንዳይመስላችሁ፤ ይበልጥ ነው የጠላሁት።

የመመለሻችን ቀን ጠዋት ዋርሳዬ ጆንያዎቹን አስወጣ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ራሰ በራ ነው። ወደ ኋላ ዞረ። ሁለቱ ብስክሌቶች በሩን ዘግተውታል። አንድ ጊዜ ሙሉ መኪናውን ዞረ፣ ሁለተኛ ጊዜም ዞረ። አማቼና ጎረቤቶቹ ለሽኝት ወጥተው ቆመዋል። ያቺን ደቂቃ ዓመት ሙሉ ስስላት ነበር፤ ከሳልኳት አንድም አልጎደለም።

«በሩን ክፈቱልኝ» አለ።

«ብስክሌት ካለበት አይከፈትም ጋሼ» አልኩ፣ በጣም ትሑት ሆኜ።

«እና ይውረዱ» ብሎ እጁን በቀጥታ የልጄ ብስክሌት ላይ አሳረፈ። ጓጉንቸሩን ሲያገኝ ዞሮ አየኝ። «ቁልፉስ?»

ልናገር የሚገባኝ ያኔ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ እጁ ብስክሌቷ ላይ ነው፣ ልጄም እንደ ካቻምናው አጠገቤ ናት። እኔ ግን ዘዴዬን በጣም ወድጄዋለሁ። «ውይ፣ ቤት ረስቼዋለሁ» አልኩ።

«ቦርሳሽ ውስጥ ነው እማዬ» አለች ልጄ።

ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ አንቱታዋንም ሳትተው ተናገረች። «ቁልፉ አለ። ግን ብስክሌቴ አይወርድም። አምና አያቴ የሠራልኝን ሳይጠይቁኝ አውርደው ለሰው ሰጥተውብኛል። እኔ አዝኛለሁ።»

እጁን ከብስክሌቱ ላይ አነሣ። አማቼ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ተመለከቱ። እኔን የተመለከቱኝ ረዘም ላለ ጊዜ ነው። የሠራሁትን ብረት፣ የጠፋውን ፖርቶመጋላ፣ «የለኝም አባባ» ያልኩትን ሁሉ በአንዴ ያነበቡት መሰለኝ።

ዋርሳዬ ዝቅ ብሎ «አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እሷም «እሺ» አለችው። ይኸው ነበር። እሱ ሌላ መኪና እስኪያገኝ ከጆንያዎቹ ጋር እዚያው ቀረ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ፊቴ እንደ እሳት ይነዳል። እውነቱን ልናገር፣ በልጄ ልኮራ ሲገባኝ በቀሌን ቀማችኝ ብዬ ነበር የተናደድኩት።

ጉንችሬን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ከኋላ ወንበር ድምፅዋ መጣ። «አባባ ልጆችን ለምን አይጠይቁም?»

«ምን?» አልኳት።

«ቂም አለሽ ወይ ብለው። ቢጠይቁኝ ኖሮ አለኝ እላቸው ነበር።»

«ነገርሽው እኮ፣ ይቅርታም ጠየቀሽ።»

«በሱ አይደለም» አለች። «እሱ ብስክሌቷን እንደምወዳት አያውቅም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር።»

ባሌ ሬዲዮውን አጠፋ። እኔ ወደ ኋላ ልዞር ፈልጌ አንገቴ እንቢ አለኝ። ዓመት ሙሉ ከሰው አፍ ስጠብቀው የኖርኩትን «ይቅርታ» የሚለውን ቃል፣ መንገድ መንገዱን እያየሁ፣ እኔው ተናገርኩት። እምድብር አለፈ፣ ጉብሬ አለፈ። «እሺ» ያለችኝ ወልቂጤ ልንገባ ስንል ነው።